የባለጃንጥላው መርዶ

እስከ ዛሬ ከስሜና ከአድራሻዬ በቀር ጽፌ አላውቅም። ውሸት እንዳይሆንብኝ፣ በሥራ ቀን ለመሥሪያ ቤቴ ሪፖርት እሞላለሁ፤ «በልተዋል። መድኃኒት ወስደዋል። ስቀዋል» ይላል። «ስቀዋል» የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እስካሁን የተቆጣኝ የለም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ እንደጻፈችው አትርሱብኝ። ነጠላ ሰረዝ የጎደለበት ቦታ ካለ ከራሳችሁ ጨምሩ፤ የተረፈ ካገኛችሁም ለጎደለው ውሰዱለት።

ደግሞ ዓይን አፋር ነኝ። ምን ያህል ካላችሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ የመውረጃውን ገመድ መሳብ አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪስብልኝ ሦስት ፌርማታ አልፌ በእግሬ የተመለስኩ ነኝ። በበረዶ። እንዲህ ያለች ሰው ሰባት ሰው አስከትላ መርዶ ታረዳለች ብሎ ማን ይገምታል? እኔም አልገመትኩም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ፣ ከአክስቴ ጋር ነው፤ እቴቴ ነው የምላት። የምሠራው እዚያው አጠገብ፣ ሴንትራል ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው፤ ዶሪን የሚባሉ እንግሊዛዊት አሮጊት እንከባከባለሁ። ልጃቸው ፒተር ከአገራቸው አምጥቶ አብሮት አስቀምጧቸዋል። እኔ እማማ ዶሪን እላቸዋለሁ። መጀመሪያ «እማማ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ እንግሊዝኛዬ አልደርስልኝ ብሎ «ትልቅ ሴት» አልኳቸው፤ ወፍራም ማለቴ መስሏቸው ለሁለት ቀን ዳቦአቸውን ያለ ቅቤ በሉ። እሳቸው እኔን «ላቭ» ይሉኛል። ፖስታ የሚያመጣውንም ሰውዬ ላቭ ስለሚሉት ብዙም አልኮራሁበትም።

ልባቸው ደካማ ነው። ሥራ የጀመርኩ ቀን ፒተር ኩሽና ወስዶ፣ «አንድ ሕግ አለ» አለኝ። «እናቴ ድንገተኛ ነገር አይነገራትም። መጥፎም ይሁን ጥሩ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገራት። ሐኪሙ አጥብቆ አስጠንቅቆናል።»

እኔ በሆዴ፣ «ይሄማ የእኛው አገር ሕግ ነው» አልኩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የመከራዬ ሁሉ እናት እሷ ናት።

አሁን ስለ ባለጃንጥላው ልንገራችሁ። እማማ ዶሪን በወጣትነታቸው ለንደን ውስጥ ለአንድ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ድራማው ስለ አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ ነው። ዝናብ በማያቋርጥበት አገር ሱቅ ከፍቶ፣ አንድም ጃንጥላ በትክክል ጠግኖ አያውቅም። ታሪኩ ይኸው ነው። በዚህችው ታሪክ፣ ልጅ ሆኖ ማየት የጀመረ ሰው የራሱን ልጅ አቅፎ እስኪያይ ድረስ ድራማው ቆየ። ዛሬም እዚያ አገር የገና በዓል በመጣ ቁጥር ይደግሙታል አሉ። ደንበኛው የተሰባበረ ጃንጥላ ይዞ ሲመጣ፣ ባለጃንጥላው በሁለት እጁ ይቀበለውና እንደ ሕፃን አገላብጦ አይቶ፣ «አልተሰበረም፤ ደክሞት ነው» ይላል። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል።

የእኔ እንግሊዝኛ ከዚያ ሱቅ የወጣ ነው። ሁልጊዜ ከእራት በኋላ አንድ ክፍል እናያለን፤ እማማ ዶሪን በሪሞት እያቆሙ ያስረዱኛል።

«ያ መስኮት ላይ የሚወርደው ዝናብ ይታይሻል? መሰላል ላይ የቆመ፣ አትክልት ማጠጫ የያዘ ሰው ነው። አንድ ቀን ሲያስነጥሰው ዝናቡ ቤት ውስጥ ዘነበ።»

«ያ ኮት አንድ ይመስልሻል? ሰባት ነው። ሰባቱንም ኪሳቸውን ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው ሕዝብ ፊት ሲቆም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይን አፋር ነበር፣ እንዳንቺ። እጁን የሚደብቅበት ጎድጓዳ ኪስ ሰፋሁለት።»

ቀረጻው ሕዝብ ተቀምጦ እያየ ነበር። ከሰዓታት በፊት በሩ ላይ የሚሰለፈውን ሰው አንድ ሠራተኛ እየዞረ ያጫውተዋል። ሳቁ የሚጎላውን ለይቶ ፊት፣ ማይክራፎኑ ከተሰቀለበት ስር ያስቀምጠዋል። እማማ ዶሪን ከመጋረጃ ጀርባ መርፌ በአፋቸው ይዘው ዝም ማለት ነበረባቸው። አልቻሉም። እስከ ዛሬ ከሕዝቡ ሳቅ መሀል አንዲት እንደ ዶሮ የምታስካካ ሳቅ አለች። «እሷ እኔ ነኝ» ይላሉ። አለቃቸው ተቆጥቶ ሲያበቃ፣ የሚቀጥለው ሳምንት የቀረች እንደሆነ «ዶሮዋ የት ሄደች?» ይል ነበር አሉ።

ይህን ባወሩኝ ማግስት ዩኒፎርሜን ተቀብለው፣ ሁለቱንም ኪስ እስከ ክርን የሚያስገባ አድርገው ሰፉልኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔም ሰው ሆንኩ። አንድ ቀን ግሮሰሪ ውስጥ የወረቀት ከረጢቴ ተቀዶ ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ «አልተሰበረም፤ ደክሞት ነው» አልኩ። ካሸሯ ሳቀች። ከኋላዬ የተሰለፉትም ሳቁ። አሜሪካ ከገባሁ ሰው ሳስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። አሁን የኦሮራ ሰው እንግሊዝኛዬን ሲሰማ፣ «ለንደን ነው ያደግሽው?» ይለኛል። ለንደንን የማውቃት በጃንጥላ በኩል ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ። ባለፈው ሰኞ ፒተር ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ሐሙስ ማለዳ ነው የሚመለሰው። እስከዚያ እኔ እዚያው እያደርኩ ነበር። ማክሰኞ ከእራት በኋላ ሪሞቱን ሳነሳ እማማ ዶሪን፣ «ዛሬ አናይ፤ ይረፍ» አሉ። ደክሟቸው ነው ብዬ ሪፖርቱ ላይ ጻፍኩ።

ረቡዕ ጠዋት ወተት ልገዛ ወጣሁ። ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን ብከፍት ባለጃንጥላው ብቅ አለ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ከስሩ ሁለት ዓመተ ምሕረት ተጽፏል፤ የተወለደበትና ሌላው። ለዚህ ስድስተኛ ክፍልም ይበዛል። ወተቱን አቅፌ ማልቀስ ጀመርኩ። ካሸሯ ደንግጣ፣ «የኔ እህት፣ ወተት እኮ ሌላም አለ» አለችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። እኚያ ሴትዮ ይህን ከቲቪ ቢሰሙ፣ ወይም አንድ ሰው ደውሎ ዱብ ቢያደርግባቸው፣ ልባቸው ይቆማል። ቀስ ተብሎ መነገር አለበት፤ ፒተር ብሏል፣ ሐኪሙ ብሏል፣ አባቶቻችንም ብለዋል።

ስገባ መጀመሪያ የቲቪውን ገመድ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። እነዚያ ኪሶች ጥልቅ ናቸው፤ ገመዱ ጠቅላላ ገባ።

«እማማ፣ ቲቪው ተበላሽቷል።»

«ጥሩ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንቺም ስልክ አታብዢ፤ ዓይን ያጠፋል። ዛሬ ስልክሽን አይተሻል እንዴ?»

«አላየሁም!»

«ጥሩ።»

ብልጠቴ ራሴን ገረመኝ። የቤቱን ስልክ በፎጣ ጠቅልዬ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ውስጥ ቀበርኩት። የቀረው ታብሌታቸው ነበር፤ ዜና የሚያነቡት በእሱ ነው። ቤቱን ሁሉ ብፈልግ አጣሁት። እግዚአብሔር ራሱ የደበቀልኝ መሰለኝና አመሰገንኩ።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃ ከፍቼ፣ ለእቴቴ ደወልኩ።

«ምነው በሹክሹክታ? ሌባ ገባ?»

«እማማ ዶሪን ሰው ሞቶባቸዋል፣ እቴቴ። አልሰሙም።»

«ውይ! ምናቸው ነው?»

«ኮቱን ይሰፉለት ነበር።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለብዙ ዓመት። ኪሱንም አስፍተውለታል።»

«ኪሱን ካሰፉለትማ ከወንድም በምን ያንሳል! ሥራው ምን ነበር?»

«ጃንጥላ ጠጋኝ፤ ማለቴ በቲቪ...»

«እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ። አንቺ ትንፍሽ እንዳትይ። ፊትሽን ታጠቢ። ነገ ማልደን እንመጣለን።»

«እነማን?»

«ሰዎች ነን ሰዎች! አንዲት አሮጊት ብቻዋን መርዶ ትስማ?»

እቴቴ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። እሷና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንን በማለዳ አብረው የታዩ እንደሆነ፣ የኦሮራ ሀበሻ መጋረጃውን ዘግቶ «ወደ እኛ ባልሆነ» ይላል። አንድ ጊዜ ጋሽ መኮንን የተዋሱትን መሰላል ሊመልሱ በማለዳ አንኳኩተው፣ ባለቤቱ በቀዳዳ አይቷቸው በሩን ሳይከፍት ራሱን ስቷል።

የቀረኝ ፒተር ነበር። ለቤተ ዘመድ ቀድሞ መነገር አለበት፤ ግን ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሁለቱን ሕግ አስታርቄ ቮይስ ሜሴጅ ተውኩለት። እንዲህ አልኩ፦ «ሃይ ፒተር። እናትህ ደህና ናቸው። ምንም የለም። በጣም ደህና ናቸው። ብቻ ስትመጣ በቀጥታ ወደ ቤት ና። ብቻህን መኪና አትንዳ። እግዚአብሔር ያበርታህ።» ከዚያ መልሶ ቢደውል ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ስልኬን አጠፋሁ። ከዚህ የተሻለ እንዴት ይደረጋል? ፈረንጅ አገር ያደገ ሰው ይህን መልእክት ምን ብሎ እንደሚሰማው ያሰብኩት፣ አሁን እየጻፍኩ ሳለሁ ነው።

ሐሙስ ማለዳ። ዕቅዱ የተስተካከለ ነበር፤ እማማ ዶሪን ሻይ ይጠጣሉ፣ የልብ መድኃኒታቸውን ይውጣሉ፣ ከዚያ በሩን እከፍታለሁ። ማንቆርቆሪያውን ጥጄ በመስኮት ሳይ፣ ስስ በረዶ በጣለበት መንገድ ላይ ሦስት መኪና ቆሟል። ጋሽ መኮንን ኤርፖርት የሚያመላልሱባትን ሻትል በሩ ፊት ለፊት ፓርክ አድርገዋታል። እቴቴን ጨምሮ ሰባቱም ጥቁር ለብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሳሩ ላይ ተደርድረዋል። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ጎረቤት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ኮፍያውን አወለቀ። እትዬ ብዙነሽ በፎይል የተሸፈነ ትልቅ ትሪ ይዘዋል። እትዬ ብዙነሽ እንባቸው ቅርብ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ያለፉ ዕለት እንኳ አልቅሰው ፈታኙን አስለቅሰዋል።

ይኼኔ ታክሲ ቆመና ፒተር ወረደ። መልእክቴን የሰማው ከአውሮፕላን ሲወርድ ነው። ወደ ቤት ቢደውል ስልኩ ቅርጫት ውስጥ ነው፤ ወደ እኔ ቢደውል ዝግ ነው። አሁን ደግሞ ደጁ ላይ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ። ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ ሻንጣው ወደቀ፤ በረዶው ላይ ተንበረከከና «እማዬ!» ብሎ ጮኸ።

«ተነግሮታል ማለት ነው» አሉ እትዬ ብዙነሽ፤ ትሪውን ለጎረቤቱ አቀብለው ለቅሶውን ለቀቁት። እሳቸው ሲጀምሩ ሌሎቹም ተከተሉ። ውሻውም ተከተለ።

እኔ ወደ በሩ ስሮጥ እማማ ዶሪን ቀድመውኛል። ሰማያዊ የቤት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሲኒ ይዘው፣ በሩን ከፍተው ቆመዋል።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ፒተር ቀና ሲል የልብ ሕመም ያለበት እሱ መሰለ። እቴቴ በረዶ ዘግና ፊቱን አሸችው።

«አንቺ... አይደለሽም?» አላቸው።

«ምኑን ነው ያልሆንኩት?»

«የሞትሽው።»

እማማ ዶሪን ሲኒያቸውን አዩት። «ሻይ እየጠጣሁ ነው» አሉ።

እንደ ምንም ተሰብስበን ሳሎን ገባን። ጎረቤቱም ትሪውን ይዞ ገባ። እኔ ዓይኔ እማማ ዶሪን ደረት ላይ ነበር፤ መድኃኒቱን በሁለት ጉንጭ ውሃ አስዋጥኳቸውና እጃቸውን ያዝኩ። ጋሽ መኮንን ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እናታችን፣ ሰው ሆኖ የማይሄድ የለም። ወንድማችን ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ከዝናብ ሲታደጉ የኖሩ፣ እጀ ወርቅ ጃንጥላ ጠጋኝ ነበሩ። ተርጉሚ ልጄ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እንግሊዝኛዬ በሙሉ ጥሎኝ ጠፋ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ የቲቪው ገመድ አለ። ያዝ አደረግኩት። ከአፌ የወጣችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት።

«ባለጃንጥላው አልተሰበረም» አልኳቸው። «ደክሞት ነው።»

እማማ ዶሪን ሲኒውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። አልወደቁም። ትንፋሻቸውም አልተቆራረጠም። ጉንጬን ያዙኝ።

«ላቭ፣ እኔ ሰኞ ሰምቻለሁ። ሴት ልጁ ከለንደን ደውላ ቀስ አድርጋ ነገረችኝ።»

«ሰኞ? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዴት ብዬ? አፍ ያስፈታሽ ሰው ነው። ስልክሽን እንዳታዪ ስጠብቅሽ ነበር። ፒተር እስኪመጣ ነበር የማቆየው፤ ስነግርሽ በአውቶቡስ እያለቀስሽ እንዳትሄጂ፣ እሱ በመኪና እንዲያደርስሽ።» ከተቀመጡበት ትራስ ስር ታብሌታቸውን መዝዘው አወጡ። ለሦስት ቀን ተቀምጠውበታል።

እኔም ገመዱን ከኪሴ፣ ስልኩን ከቅርጫት አመጣሁ። የደበቅነውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ስንዘረግፈው የተያዙ ሌቦች መሰልን። ለእንግዶቹ ብተረጉምላቸው፣ እቴቴ ነጠላዋን አስተካክላ በአክብሮት ጎንበስ አለች።

«እሳቸውም መርዶ ያውቃሉ እንዴ!»

ፒተር ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ግንባሩን ይዞ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ «እናትህ ደህና ናት» የሚል መልእክት ሁለተኛ እንዳልተውለት። እናቱ ደህና ስትሆን ዝም እንድል።

እማማ ዶሪን ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። «እነዚህ ሁሉ ለእሱ ነው የመጡት?»

«አዎ።»

«አያውቁትም እኮ።»

«እርስዎ ያውቁታል ብያቸው ነው።»

«ከሰኞ ጀምሮ አላለቀስኩም» አሉ። «እዚህ እሱን የሚያውቅ የለም። ብቻዬን ማልቀስ አሳፈረኝ።»

ከዚያ ገመዱን ሰክቼ እንድከፍት አዘዙኝ። እንጀራችን በየሰሃኑ ወጣ፤ ጥቁር እንደለበስን ባለጃንጥላውን ማየት ጀመርን። ጋሽ መኮንን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ጠበቁና፣ «አንድም አልጠገነም እኮ!» አሉ። «ከዝናብ የታደጉ ብዬ መሰከርኩለት!» እንግሊዝኛ የማይሰሙት እትዬ ብዙነሽ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በዚያ መሀል፣ ከቲቪው ውስጥ፣ ያቺ ዶሮ አስካካች። ወጣት ናት፤ መርፌ በአፏ ይዛለች፤ ማንም ገና አልሞተባትም። እማማ ዶሪን ሰሟትና እንባቸው መጣ። እትዬ ብዙነሽ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ እጃቸውን ይዘው፣ አብረዋቸው አለቀሱ። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አያውቁም። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ የሚተረጎም ነገር አልነበረም።

ያንን ሰው በአካል አላየሁትም። እጁ እየተንቀጠቀጠ ቆሞ በማያውቀው ሰው ፊት ስለቀለደ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ኦሮራ ውስጥ አንዲት ልጅ ካሸር ፊት አፏን ከፈተች። ለእሱም፣ መሰላል ላይ ሆኖ ዝናብ ላዘነበውም፣ ኪሱን ለሰፉትም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእቴቴም፤ የማታውቀው ሰው ሲሞት ሥራ አስፈቅዳ ስለመጣች።

የዚያን ቀን ሪፖርት ረዘም ይላል፤ «በልተዋል። መድኃኒት ወስደዋል። አልቅሰዋል። ስቀዋል።»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እማማ ዶሪንን ሶፋው ላይ አጋድሜ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። ተኝተዋል ብዬ በእግሬ ጣት ስወጣ ጠሩኝ።

«ላቭ፣ የእኔ ቀን ሲደርስ እነዚህኑ ሰዎች ጥሪያቸው። ያቺን ትሪ የያዘችውን ሴትዮ ግን ማይክራፎኑ ስር አስቀምጫት።»